ቡሐይራ

ጥብርያዶስ ዳር ነን፣ ውሃው ከሸሸበት፤
ሩቃያ ወረቀቷ እንዳይበር ድንጋይ ጫነችበት።
አንዱ የእንግሊዝ ቃል ኩሬውንም ሰውንም ያማል፤
«ዐረብኛው ይለያል፤
ለውሃ ደሕል ነው፣ ለሰው ግን ሰጥሒ፣
ጣራ ላይ የቀረ፣ ቤት ያልገባ ማለት።»
ለእኔ የታየኝ ስጥ ነው፣
ፀሐይ የመታው፣ ዶሮ የሚለቅመው።
«የእናንተስ?»
የእኛማ ስም የለው፤ «ጥልቀት የሌለው» ነው፣
የጎደለውን ቆጥረን ነው የምንጠራው።

ትንሽነት ላይ ስንደርስ ሳቀች።
ከንፈሯን አሞጥሙጣ ባሕርን አሳነሰችው፤
«ቡሐይራ»፤ ትንሽዬ ባሕር፣ ሐይቅ ማለቷ ነው።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ።
ትንሽ ሄድኩ፤ አሁንም ቁርጭምጭሚቴ።
«ደሕል!» ብዬ ጮህኩላት።
ቀጣዩ እርምጃ ወገቤን ዋጠው።
ዞር ስል፣ ሩቃያ
ድንጋዩን አንስታ አንድ ቃል ትሰርዛለች።