መዝገቡን ለምትረከቢው

ኬብሮን፣ እንኪ መዝገቡን፣
ጀርባው የላላውን፣ በፕላስተር የታሰረውን።
ስልክሽ ላይ ሠንጠረዥ እንዳለሽ አውቃለሁ፣
የሰው ቁጥር ሲደምር በዐይኔ አይቻለሁ፤
ቢሆንም አንብቢው፣ ከመገልበጥሽ በፊት፣
ከስሞቹ ግርጌ የማይደመር ነገር አለ፣ በእርሳስ የተጻፈበት።

ሻርጃ፣ ያርሙክ ሰፈር፣ አዳራሹ የማላያሊዎች ነው፤
ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ለኛ የሚደርሰው።
ከበሮው በፎጣ ተጠቅልሎ በቀስታ ይመታል፣
በራፍ ላይ ጊታር ያዘለ ፊሊፒናዊ ልጅ ተራውን ይጠብቃል፤
ቀሲስ ፍሥሐ ሰዓት አያዩም፤ የልጁን ፊት ያዩና፣
ስብከቱን ይቋጩታል፣ በእንግድነት ትሕትና።

የዚህ አገር ምእመን እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ሁለት ዓመት ነው ውሉ፤
ዘማሪ ታሠለጥኛለሽ፤ ቪዛው ሲያልቅ በሻንጣ ይሄዳል ድምፁም ቃሉ።
ዘርትሁን ወደ ቤይሩት፣ አስካለ ወደ ደሴ፣
ጋሻነህ የት እንደገባ የሚያውቀው ሥላሴ።
ስም ሰርዤ አላውቅም፤ አንቺም እንዳትሰርዢ፤
የሄዱበትን ቀን ጻፊና ባዶ መስመር ያዢ።

ስለ ልጆቹ ደግሞ። ትዝ ይልሻል ሰባት ዓመትሽ፣
አቡነ ዘበሰማያትን በእንግሊዝ ፊደል መዳፍሽ ላይ ጽፈሽ፣
ሽማግሌዎቹ እባብ እንዳየ ሰው ደነገጡ፤
ጋሽ መኩሪያ "ጸሎት በባዕድ ፊደል!" ብለው ተቆጡ።
ቀሲስ እጅሽን ይዘው፣ ላብ ያጠፋውን ቀለም አይተው፣
"ይግባ ብቻ፤ ፊደሉ ኋላ ይደርሳል" አሉ፣ በመስቀል ዳብሰው።
ደረሰም። ዛሬ ውዳሴ ማርያሙን ከኔ ቀድመሽ ትጨርሻለሽ፤
ስትጣደፊ ብቻ፣ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ትጀምሪያለሽ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር። አገሩ የዕረፍት ቀኑን የለወጠ ዓመት
ቢሮ የሚሠሩት ተነሡ፤ "እሑድ እንሰብሰብ እንደ ጥንት፣
እንደ ሥርዓታችን፤ አርብ ይቅር" አሉ።
ኪራዩን የሚከፍሉ እነሱ፣ ማይኩም በእጃቸው፤ ምን ይባላሉ?
ቀሲስ ዝም አሉ። ቆይተው፣ "እኅቴ፣ መዝገቡን አምጪው፤
አርብ ብቻ የሚመጡትን፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለሽ ጥሪው።"

ጠራሁ። ሞግዚት፣ ምግብ አብሳይ፣ ሽማግሌ አስታማሚ፤
አንዷ እንኳ አልነበረችም የምትለኝ "አለሁ፣ ስሚ"፤
ስብሰባው የእሑድ ነበራ!
አርባ ሁለት ስም፤ አርባ ሁለት ጊዜ ዝምታ።
ጋሽ መኩሪያ ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው በእርጋታ፣
"አርብ የሌለው እሑድ ከወዴት ይመጣል?" ያሉት፣
እኚያው የመዳፍሽን ቀለም የተቆጡት።

ሁለቱም ቀን ሆነ። ኪራዩ እጥፍ፤ ቀሲስ የማታ ሥራ ጨመሩ፣
አትክልት ገበያ። መስቀሉ ሽንኩርት ሸተተ፤
እኛ ተሳለምን፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ቋጠሩ።

በመጨረሻ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ስም የሌለበት መስመር፤
"የሰባተኛ ፎቅ" ይላል። ስሕተት መስሎሽ አታፍርሺብኝ ቁጥር።
ከአጥሩ ማዶ ካለው ሕንፃ፣ ለቡራኬ ግቢ ስንወጣ አርብ አርብ፣
ነጭ ፎጣ እንደ ነጠላ አጣፍታ ከመስታወቱ ትላለች ቀረብ።
መጀመሪያ ልብስ የምታሰጣ መስሎኝ ነበር፤
ኋላ ፎጣውን አመሳቀለችው፣ በደረቷ።
ስናጎነብስ ታጎነብሳለች። የማን ልጅ ናት? ማናት የክርስትና እናቷ?
አራት ዓመት ምልክት አደረግሁላት፤ ከብዙ ባለስም ትበልጣለች፣ አልቀረችም።
ደብዳቤ ልልክላት አሰብኩ፤ አሠሪዎቿን ፈራሁ። ይህንንም ጻፍኩት፤ አልደበቅሁም።

ሁለት አርብ ሆነ፣ መጋረጃው ከተዘጋ።
መስመሩ ክፍት ነው። የኔ በረራ ማክሰኞ፣ ሲነጋ።
አርብ ከአዳራሹ ስትወጪ፣
ቀና በይ።