ፈረሱኮ ሞቶ ነበር

ኮርንዎል ጠረፍ ላይ፣ ባሕር በሚያርሰው ገደል፣
ከፈረሰው ግንብ በር ትኬት ሻጭ ሆኜ ስውል፣
ንጉሡ እዚሁ ነው የተፀነሰው ይላሉ፤
ቱሪስቶች ከነልጅ ዝናብ ለብሰው ይመጣሉ፣
“ሰይፉ የታል?” ብለው እኔን ይጠይቃሉ።
“ሊሳል ሄዷል” እላለሁ። ግማሾቹ ያምናሉ።

ሰው ሲቀር፣ ጉም ሲወርድ፣ ማሞቂያዬን ሰክቼ
መጽሐፌን አወጣለሁ የብስኩት ጣሳ ከፍቼ።
ስድስት መቶ ገጽ ነው። ጀርባው ተገንጥሏል።
ከበጎ አድራጎት ሱቅ በሃምሳ ፔንስ ተገኝቷል።
ሽፋኑ ላይ ፈረሰኛ ደረቱን ገልጦ ቆሟል፣
ከኋላው በረዶ ይጥላል፤ እሱን ግን መቼ በርዶታል!

እውነቱን እንነጋገር፤ መጽሐፉ ጉድ አለበት።
ገጽ ዘጠኝ ላይ ልዕልቲቱ አረንጓዴ ዓይን አላት፣
ገጽ አርባ ላይ ሰማያዊ፤ ምን እንደነካት እንጃላት።
ፈረሰኛው ድንች በላ፣ ድንች ከመምጣቱ ሺህ ዓመት በፊት፤
ከለንደን እዚህ ድረስ ጋልቦ ገባ በአንድ ሌሊት፤
ባቡሩ እንኳ ግማሽ ቀን ነው፣ ያውም ካልተበላሸበት።
“ልቧ እንደ ርግብ በረረ” የሚለውን ብቻ
ቆጠርኩት፤ አሥራ ሰባት ነው። የርግብ ዘመቻ!
ጠንቋዩ ምዕራፍ ሙሉ ስለ ጨረቃ ይሰብካል፣
ሰይፉ ከድንጋዩ ሲነቀል ራሱ “እፎይ” ይላል።
ይሄን እንኳ ወድጄዋለሁ፤ ቆሞ ሰልችቶት ይሆናል።
ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይታጣም ይባላል።

“ሎቭዴይ፣ ይሄን ተራ ነገር!” አለችኝ እህቴ ኬረንሳ፣
ከባድ ልቦለድ ይዛ ገጽ ሃያ ላይ ዓመት የሞላት እሷ።

ከእኔ በፊት ግን አንድ ሰው አንብቦታል፤ በእርሳስ
ኅዳጉን ሞልቶታል፣ ከሽፋን ሽፋን ድረስ።
“ድንች!!!” ይላል አንዱ ጥግ፣ እርሳሱን እስኪሰብር፤
በሳቅ ሻዬን ደፋሁት፣ ትኬቱ ላይ፣ ወንበር ሥር።
“ስምንትን ዝለሉ፤ ዘጠኝ ላይ ይሳሳማሉ።”
ዘለልኩ። እግዜር ይስጠው። እውነትም ይሳሳማሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ።
ፈረሱ።
ምዕራፍ ሦስት ላይ ሞቷል፤ ቀስት አንገቱን ወግቶት፣
ፈረሰኛው አልቅሶለት፣ ድንጋይ ከምሮ ቀብሮት።
ምዕራፍ አሥራ ሁለት ላይ በር ላይ ቆሞ አገኘነው፣
ገብሱን እየቆረጠመ፤ ማንም “እንዴት?” አላለው።
ጸሐፊዋ ረስታለች። አራሚው ተኝቷል።
ፈረሱ ግን ምን ገዶት! ልጓሙን ያኝካል።

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። እስቅ ነበር።
የዚያን ዕለት ማታ ግን ጉሙ ወርዶ ነበር፣
ፓስኮ ከነጀልባው የቀረበት ዓይነት፣
ድፍን ያለ ነጭ ጉም። አሁን ሰባት ዓመት።
ድንጋይም አልከመርኩም፤ የሚቀበር አልተገኘ።
ምነው የእኔም ጸሐፊ አንዴ በተዘናጋ፣ በተኛ!
አንድ ተራ ማክሰኞ፣ በሩን ገፋ አርጎ ቢገባስ፣
የዝናብ ካፖርቱን ሰቅሎ “እራት ምንድን ነው?” ቢልስ፣
“እንዴት?” አልለውም።
ድንች እቀቅልለታለሁ።

እዚያው ገጽ ላይ፣ ከኅዳጉ፣ ያ ሰውዬ በእርሳሱ
“ፈረሱኮ ሞቶ ነበር!!!” ብሏል። ሰርዞታል ራሱ።
ከሥሩ በቀጭን ፊደል፣ ቀስ ብሎ፦
“ይሁን። ይኑር።”

ይህን ሦስት ቃለ አጋኖ የት ነበር የማውቀው?
ግንቡ ደረጃ ላይ! “ያዳልጣል!!!” የሚለው።
የክሌሞ ጽሑፍ ነው፣ የደረጃ ጠጋኙ፣
ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ለሰው ቃል የማይወጣው።
ምንም አልተናገርኩም። ሁለተኛውን ቅጽ ገዝቼ፣
ሻይ ከሚጠጣበት መስኮት አስቀመጥኩት ዘንግቼ፣
እንደ ዘነጋሁ አስመስዬ ማለቴ ነው፣ ከእርሳሴ ጋር።

ሰኞ ጠዋት ስመለስ
እርሳሴ አጥሮ ነበር።