ትንፋሿ የት አለ?

ኤድመንተን፣ የካቲት። የሆኪ ሜዳ ነው፤
በረዶው አልሟሟም፣ ሳንቃ ነው የከደነው።
ከወገቡ በላይ ሰው በመብራት ሲነድ፣
ከጉልበቱ በታች ይልሰዋል በረድ።

እኔ ከመድረኩ ግራ፣ ከአንዲት ሳጥን ላይ፣
አመድማ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጠይም እጄ እንዲታይ፣
ቆሜያለሁ። ሥራዬ፣ ጆሮ የዘለለውን
ለዓይን ማቀበል ነው፤ ግጥሙን፣ ምቱን፣ ሳቁን።
ዛሬ ስድስት ናቸው፣ ከፊተኛው ረድፍ፤
ከስድስቱ አንዷ ሌስያ፣ ጨርሶ የማታርፍ፣
አሥራ አራት ዓመቷ፣ ነገር ቆፋሪ፣
አፈኛ (አፏ ስል እጇን ነው)፣ ተከራካሪ።
አባቷ አብሯት አለ፤ ጆሮውን በቡሽ ደፍኖ
ስልኩን ያሻሸዋል፣ ግማሽ እንቅልፍ ሆኖ።

ብሪዮኒ ቬል መጣች፣ ከጣራው፣ በሽቦ፤
ሕዝቡ አንድ አፍ ሆነ፣ ጩኸቱ ተደራርቦ።
ሮጠች፣ ተንከባለለች፣ ደረጃ ዘለለች፣
በአንድ ዘፈን መሃል ሦስት ልብስ ቀየረች፤
ድምጿ ግን ያው ነበር፤ እንደ ረጋ ወተት፣
ያ ሁሉ ዝላይ አልናጠው፤ አንዲት የለው ስህተት።

እኔስ አውቄው ነበር። ቀን ልምምድ ሲያደርጉ
የኮምፒውተሩ ልጅ፣ ሳንድዊች ይዞ ከጥጉ፣
«ሰባቱ ከማሽን፣ አራቱ ግማሽ ግማሽ፣
አንዱን ራሷ ናት፣ ከፈቀደ ትንፋሽ»
ብሎኝ ስቋል። እኔም አብሬው ሳቅኩና
እንጀራዋ ነው አልኩ፤ አለፍኩት እንደገና።

አራተኛው ዘፈን። ሌስያ ተንጠራርታ
ከመሃል ጠራችኝ፣ ሁለት እጅ አንስታ፦
«አንገቷን እዪልኝ፤ ሥሩ አይወጠርም።
ደረቷ አይሞላም፣ ትከሻዋ አይወርድም።
ስምንት ስንኝ ሙሉ አየር አልሳበችም።
ትንፋሿ የት አለ?»

አሥራ ስምንት ሺህ ሰው፤ ጆሮው እጥፍ ነው፤
ከዚያ ሁሉ ጆሮ የጠየቀ ማን ነው?
«አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» ይላል የሙያው ሕግ።
የሌለ ትንፋሽ ሲሆንስ? እንዴት ነው የማደርግ?
ዘፈን አውጪ አለው፤ ተቀባይም አለው፤
ተቀባዩ ሲመጣ አውጪው የት ቀረ ልበለው?

እኔስ ብሆን ደግሞ! ፍቅር ጥሎኝ እንደሄደ፣
በሰዓት ተከፍሎኝ፣ ፊቴ እየነደደ፣
የማላውቀውን ሰው በጣቴ አለቅሳለሁ።
ላቤ ግን የኔ ነው። ስስት ታየኛለች፤
ትናንት «ናፍቆት»ን ስስት እንዴት እንደሳቀች!

«የተቀዳ ነው» አልኳት፣ «አፏን ብቻ ነው።»
ትቆጣለች ስል፣ ሳቋን መያዝ አቃታት፦
«እኔንም በልጅነቴ መስታወት ፊት አቁመው
‹አፍሽን ክፈቺ፣ ግጠሚ› ሲሉኝ ነው የከረሙት፣
ለማልሰማው ቃል! ሳስመስል ደህና አድርጌ
ከረሜላ ነበር።
ለሷ ስንት ከፈሏት?»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰባቱን ዘፈኖች
እንዴት እንደፈታሁ ዛሬ አላስታውስም።

አሥራ ሁለተኛው ላይ መብራቱ ቀነሰ፤
ፒያኖ። ወንበር። የልጅቱ ትከሻ ፈሰሰ።
አየር ስትስብ ታየ፤ የአንገቷ ሥር ቆመ፤
ከፍታው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ፣ ዘመመ።
ከኋላ አንዱ አፏጨ። አንዷ ስልኳን መለሰች።
እኔ ስንጥቁን በምን ጣት ልበለው?
ምልክት የለውም። እጄን ወደ ላይ ልኬ
መሃል ላይ ለቀቅኩት፣
እንደወደቀ ወደቀ።
ሌስያ ብድግ አለች። እጄን አላየችውም።
አላጨበጨበችም።
ዓይኗ ከዚያች አንገት ላይ አልተነቀለም።

ሲያበቃ አባትየው ቡሹን ነቅሎ መጣ፦
«የመጨረሻው ላይ ማሽኑ ተበላሸ?»
አፌን ስከፍት ሌስያ ቀደመችኝ፤
መዳፉን ጎትታ ጉሮሮዋ ላይ ለጠፈች፣
አየር ሳበች፣
ያዘች።