ስም እስኪወጣላት

እንድሪስ ነው ያመጣት፣ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ፣
በሃይላንድ ፕላስቲክ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁን በየኬላው ሲያርስ።
«እንኪ ባሕርሽን፤ ታጁራ ዳር ነው የቀዳሁት፣
እንዳልሽኝ ከላይ ሳይሆን፣ ክንዴን ሰድጄ ሞላሁት።»

ባሕር አይቼ አላውቅም። ጦሳ ሥር ነው ያደግሁት፤
ማዕበል የምለው ክረምት ክረምት ጉም ሰፈር ሲውጥ ያየሁት።
ጠብታዋን በጨዋማው ሳህን ላይ አሰመርኩና
«ቤቶች!» አልኩ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ እንደ እንግዳ ቆምኩና።

ያን ሳምንት መብራት ጠፋ።
ሦስት ቀን። ማሞቂያው ሣጥን እንደ ድንጋይ በረደ፤
የደሴም ጉም በመስኮት ሳህኖቼ ላይ ወረደ።

ስድስቱን ደራርቤ፣ በሻርፕ ጠቅልዬ፣
ሐረጎን በሚኒባስ ወረድኩ፣ ጭኔ ላይ አባብዬ።
ረዳቱ «ዕቃሽን ከኋላ» እያለ ሲነዘንዘኝ
«ሕይወት አለው» አልኩት፤ ጫጩት መስሎት ዝም አለኝ።

ኮምቦልቻ፣ አክስቴ ጦይባ ጓዳ፣ ቁምሳጥን አናት ሰቀልኳቸው፤
ቆርቆሮው የቀን ፀሐዩን ማታ እየመለሰ አሞቃቸው።
«የማይታይ ነገር አለበት፣ እንዳትከፍቺው» ስላት
ባለፈች ቁጥር «ቢስሚላህ» ከአፏ አልጠፋት።

በአራተኛው ቀን፣ አንዱን ሳህን ወደ ብርሃን ባነሳው፣
ከጤፍ የምታንስ ነጥብ፣ እርድ የነካው ቀለም፤ እሷው!

በማቅለሚያው ሮዝ ሆነች። በአጉሊ መነጽሩ ጎባጣ ዘንግ፣
አንድ ጅራቷን የምታወናጭፍ፣
ጨው ሲቀርባት የምትፈነዳ።
ስኳር ሰጠኋት፣ እንቢ አለች። ስታርቹን ፈታች።
ዘሯን ፊደል በፊደል ያነበቡልን ባሕር ማዶ ነው፤
ስንት ወር ጠብቄ አንድ መስመር መጣ፦
ከቅርብ ዘመዷ ጋር ዘጠና ሰባት ነጥብ አንድ።

እኛ አገር ዝምድና በሰባት ቤት ይቆጠራል፤
እዚያ በመቶኛ ነው። ከዘጠና ስምንት ከምናምን ከወረደ
«የብቻዋ ሳትሆን አትቀርም» ይባላል።

ቅጹ «የተገኘችበት» ይላል፤ ታጁራ ብዬ ሞላሁ።
«ያሞቃት ማነው» አይልም። ቁምሳጥኑን በየት ላስገባው?
ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጻፍኩና መልሼ በላጲስ አጠፋሁ።

ትናንት እንድሪስ ደወለ፣ ከሚሌ፣ ሞተሩ እየጮኸ፦
«በእኔ ስም አወጣሻት ወይ?»
«ገና ነው፤ ስም እስኪወጣላት ቁጥር ብቻ ናት» አልኩት።
ሳቀ። «እኛስ? ኬላው ላይ ታርጋችንን ብቻ አይደል የሚያዩት?»