ደብዛዛዋ

ጥር ነው በግሮኒንገን፤ ዝናቡ በጎን ይመታል፣
ቦዩ ዳር የቆመ ብስክሌት አንዱ ባንዱ ተደግፎ ይረጥባል።
አምስተኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት በርቷል፤
ሲትስከ ጓንት አጥልቃለች፤ እራቷ በወረቀት እንደተጠቀለለ ቀርቷል።
እኔ ብርጭቆ አጣቢው ነኝ፤ ያየሁትን ልናገር፤
እጄ እስከ ክንዴ በአረፋ ተነክሮ ነበር።

ዘጠና ስድስት ጉድጓድ፣ መዳፍ በምታህል ገበታ፣
በየጉድጓዱ አንዲት ኢንዛይም፣ ለየብቻዋ ተኝታ።
እህትማማች ናቸው፤ የምትለያቸው አንዲት ፊደል፣
አንዷን ብልህ፣ አንዷን ሰነፍ የምታደርግ፤ በመልክ ግን ማን ከማን ይለያል?

ጠቋሚውን ጨመረችባቸው። ጠቋሚው ጨለማ ነው፤
ብርሃኑን በጉያው ሸሽጎ፣ በአንዲት ሰንሰለት የታሰረ ነው።
ሰንሰለቷን የሚበጥስ ጥርስ እስኪመጣለት
እንደ ከሰል ዝም ይላል፤ የተበጠሰለት ዕለት
ሰማያዊ ይሆናል።

«በጣሿን አይቻት አላውቅም» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ዓይን የት ያገኛታል፤
እስረኛው ሲወጣ ነው የማየው፤ ስለ ፈቺዋ እሱ ይመሰክራል።»

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ማሽኑ ገበታውን ዋጠ፤
ሲትስከ መብራት አጠፋች፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ፈጠጠ።
ዝም። ዝም። ዝም። ከዚያ በአራተኛው ረድፍ ሰባተኛዋ
ነደደች፤ ከሚዛኑ አልፎ ወጣ ቁጥሯ።
ሲትስከ ጮኸች፣ እስከ ሊፍቱ ሮጣ ተመለሰች፣
ሃርምን ደውላ ከሞቀ አልጋው ቀሰቀሰች።
ሃርም በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሸብቷል፤
«በሁለቱም እጅ ፈትነሻታል?»
ብሎ ዘጋው።

ሞለኪዩልም እንደ ጓንት ግራና ቀኝ አለው፤
ቁመቱ አንድ፣ ክብደቱ አንድ፤ የግራውን ግን በቀኝ እጅህ እስቲ አጥልቀው።
ልብ የሚያሳርፈው ቀኙ ነው፤ ግራው ያቅለሸልሻል፤
ስለዚህ ቆራጯ መምረጥ አለባት፤ ጉልበት ብቻውን ምን ይሠራል?

ሁለት ገበታ አዘጋጀች፤ ቀኙን ባንዱ፣ ግራውን በሌላው።
ያቺ ነበልባል ለቀኙ ነደደች። ለግራውም ነደደች፤
እንደ ሠርግ ቤት በር የመጣውን ሁሉ አስገባች።
ሲትስከ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።
ቧንቧውን ዘጋሁ።

ከታች ጥግ ላይ ግን አንዲት ነበረች፣ ከባዶው ጉድጓድ ጥቂት ከፍ ያለች፣
ሲትስከ ቀደም ብላ «ይቺስ ሞታለች» ያለቻት።
ለቀኙ ደብዘዝ ብላ፣ በሐሳብ እንደሚራመድ ሰው በራች፤
ለግራው፣ ሲትስከ አርባ ደቂቃ ጠበቀች፣
ለግራው ምንም።

ንጋት ላይ ሃርም መጣ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤
ቁጥሩን አየ፣ ዳቦውን ገመጠ፤ ምን እንዳሰበ ማን ያውቃል።
«የጠየቅሻትን ነው የመለሰችልሽ» አለ፤ «መብራት የታሰረበትን ፍቺ ብለሽ ጠየቅሽ፤
መድኃኒቱ ግን መብራት የለውም። እሱንም እንደምትፈታው በምን አወቅሽ?»

ጨለማውን መድኃኒት አቀረቡላት፤ መልሱ በብርሃን አይመጣም፤
በዓምዱ ውስጥ ተንጠባጥቦ እስኪለይ፣ ለዛሬ አይደርስም።
ሲትስከ ደብዛዛዋን በረዶ ላይ አኖረች፣ በብዕር ስሟን ጻፈች፤
ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አንቀላፋች።

የሚጣለውን የምሰበስብ እኔ ነኝ። ከረጢቱን ከማሰሬ በፊት
ሐምራዊቱን የእጅ መብራት አንዴ አበራሁበት፤
ሰባተኛዋ ገና ትንቦገቦጋለች፣ ደምቃ፣
ቀኝና ግራዋን ሳታውቅ።

ውብ ነበረች፤ አልዋሽም።
ከረጢቱን አሰርኩት።