ትንሿ በር

«እነዚህን ሁለት ቧንቧዎች ሸፍናቸው በቃ!
ጥግ ይዘው እንደ ሐሜተኛ፣ ገላዬን ስታጠብ ሲያዩኝ፣
ቀለማቸው ተልጦ፣ ዝገታቸው አፍጥጦ፣
እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳቀቁኝ።»
ትርሲት ናት። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣
ሜትሯን እንደ ምላስ ዘርግታ።

ዊኒፔግ። ኅዳር አጋማሽ። መስኮቱ በረዶ ለብሷል፤
የቤቱ ዕድሜ የእኔንና የእሷን ድምር ይበልጣል።
ከምድር ቤት የሚነሳው ሙቅ ውሃ
በነዚያው ሁለት አንጀቶች ሽቅብ ይጓዛል።

አዛውንቱ ኮቫልቹክ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ተንበርክኮ ዳሰሳቸውና
«ሸፍኑ» አለ፤ «ግን በር ተዉላቸው። ትንሽ በር።
የተደበቀ ቧንቧ ሲያፈስ
ቀድሞ የሚሰማው የማድ ቤቱ ኮርኒስ ነው፤
ባለቤቱ መጨረሻ።»

ጣውላ ቆረጥኩ። ጂፕሰም ለጠፍኩ። ነጭ ሴራሚክ ደረደርኩ፤
አንዷን ብቻ፣ ከታች፣ በማግኔት አስጠግቼ ተውኩ።
ትርሲት በመዳፏ ዳበሰችው፦ «አሁን ሰው ሆነ!»
ክፍሉም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዘቀዘ።

ጥር። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት።
ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ኳ... ኳ... ይላል፣
በር እንደተዘጋበት እንግዳ።
ነቃሁ። የአልጋው ጎን ባዶ ነው።
በበሩ ስንጥቅ አየሁ፦
ትርሲት ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተቀምጣ፣
ትንሿን በር ከፍታ፣
የልጃችንን ካልሲ አንዱን እዚህ ቧንቧ፣ አንዱን እዚያ አልብሳ፣
መዳፏን ወደ ዝገቱ አስጠግታ
የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች።
ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሳልነግራት ተመለስኩ።
ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ።
ያየሁትን ሸፈንኩት፤
ትንሽ በር ግን ተውኩለት።