ውሃው እስከ የት ደረሰ?

በቺሎዌ ደሴት፣ በኬምቺ ወደብ፣ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፤
በአሣ አጥማጆቹ ማኅበር ኮምፒውተሩ ሞተ።
ሞተ ስል ብረቱን አይደለም፤ ብረቱማ አለ፣
የተጫነበት ሥርዓት ነው፣ ዘመኑ የተቃጠለ።
"ካልከፈላችሁ አልነሣም" ብሎ አኮረፈ፣
የሮሳሜልን መዝገብ እንዳቀፈ አረፈ።

ምን መዝገብ?
ባሕሩ ስንት ክንድ እንደ መጣ፣ ስንት ክንድ እንደ ተመለሰ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፈው፣ እርሳሱን እየላሰ።
ደብተሮቹን ሻጋታ በላቸው፤
የቀረው ማሽኑ ውስጥ ያለው ነው።

ጸሐፊዋ ኦርቴንሲያ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤
"ነፃ ሥርዓት አለ፣ ዋጋ አይጠይቅም"
ሲሏት ሰምታ፣ መረቡ ወደሚይዝበት ወደ ጀልባ ማቆሚያ
ሦስት ሌሊት ተመላለሰች፣ ካፖርት ደርባ፣ ተጠልላ በጣሪያ።
ጠብ፣ ጠብ እያለ ወረደላት።
ጣሪያውም ያፈሳል።

ሲያልቅ ማኅተሙን አመሳከረች፤
ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት፣ ረጅም፤
አንዲት ነጥብ ከተዛነፈች ሌላው ሁሉ አይገጥምም።
ጣቷን በመስታወቱ ላይ እየጎተተች
ድምጿን ከፍ አድርጋ እንደ ዳዊት ደገመች።
ልክ ነው።

ሁለት ፍላሽ ሰካች፣ ሁለቱም ሰማያዊ፤
አንዱ ባዶ፣ ትናንት የተገዛ።
አንዱ የወንድሟ የኤሊዬሰር፤
ሥራው እስኪያልቅ ድምፁን ልስማ ብላ።
ሞተር ሲፈታ፣ ሲገጥም፣ ብሎን ሲራገም፣
ያልጠገነው የለም፣ ያልሰደበውም የለም፤
ለተለማማጁ ብሎ ነበር የቀዳው፣
ጀልባዋ ሳትገለበጥ፣ ባሕሩ ሳይከዳው።

ትእዛዟ አጭር ናት፦ ከዚህ ወስደህ እዚያ ጻፍ፣
ከመጀመሪያው ጀምር፣ አንዲት ነጥብ ሳትገድፍ።
ሌሎቹ ይጠይቃሉ፦ "እርግጠኛ ነሽ ወይ?"
ይቺ ይሉኝታ አታውቅ፤ አትልም "ቆይ"።
መሣሪያዎቹም ስም የላቸው፣ ፊደል ናቸው፤
"ቢ" እና "ሲ"፣ አንዲት ርምጃ ናት መካከላቸው።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ዓይኗ ደክሞ፣
"ሲ" ልትል
"ቢ" አለች።

ባዶው ፍላሽ ጨለማ ነው።
የኤሊዬሰር መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለ።
ልትነቅለው እጇን ሰደደች፤ መልሳ ሰበሰበች።
ማሽኑ ሲጨርስ እንደ ደኅና ነጋዴ ደረሰኝ ቆረጠላት፦
ይህን ያህል ገባ፣
ይህን ያህል ወጣ።

ጠዋት ዓይኗ አብጦ ማኅበሩ ቤት ገባች፣
ሌላ ምን ታድርግ፣ ያንኑ ፍላሽ ሰካች።
በጥቁሩ መስኮት ነጭ ጽሕፈት ዘነበ፣
የተኛው ማሽን ነቃ፣ መዝገቡም ተነበበ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ክንድ ሳይጎድል።
ሮሳሜል ሳቀ።
እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ምነው?"
"በወንድሜ ላይ ጻፍኩበት።"
ሽማግሌው ቆቡን ከግንባሩ ከፍ አደረገ፣
ጎርፍ ስለ ገባበት ቤት እንደሚጠየቅ ጠየቀ፦
"ውሃው እስከ የት ደረሰ?"
"ምን?"
"ባሕር ሁሉን አይወስድም፤ ልክ አለው።
ቋጥኙ ላይ መሥመር ይተዋል፣
ከመሥመሩ በላይ ደረቅ ነው።
የጻፍሽው ስንት ነው? ዕቃውስ ስንት ይይዛል?"

አሰበች። ከስምንት እጅ አንዱን።

በዚያው በአዲሱ ሥርዓት ሥር ሆና ገባች፣
ከመሥመሩ በላይ ነጥብ በነጥብ ቆፈረች።
እስከ ማታ ሃያ ሦስት ድምፅ ወጣ፤
ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ።
ስሞቹ መጀመሪያው ገጽ ላይ ነበሩ፤
ገጹ ሰጥሟል።
የመጀመሪያዎቹ ሞተሮችም ሰጥመዋል።

ሮሳሜል እርሳሱን ላሰ፣ የዛሬውን ከፍታ ጻፈ።
እሷ አንዱን ከፈተች፣ የቱ እንደሆነ ሳታውቅ።
ዝናብ፣ ቆርቆሮ ላይ።
መፍቻ ሲወድቅ።
ቀጥሎ እሱ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦
"ይቺን አታጥብቃት።
ቆይ።
ቆይ አልኩህ።"